ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚከሰት ሜታቦሊክ አሲዶሲስ የሚሰጡ መድኃኒቶችን እንዴት እናነጻጽር?

ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ፣ ከደንቢያ ሜዳ፣ ከደባርቅ ደጋና ከመተማ ቆላ፣ የልብ ቫልቫቸው በሪህማቲክ የልብ ሕመም የተበላሸ ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው አዲስ አበባ ይገባሉ። በዚያው መንገድ ለልምምድ የሚሄዱ ሙያተኞችም አሉን፤ ሰመመን ሰጪዎች፣ የጽኑ ሕሙማን ነርሶችና ሬዚደንቶች ከልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል የቀሰሙትን ይዘው ይመለሳሉ። ስለ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፣ ማለትም ከአተነፋፈስ ችግር ውጭ በሆነ ምክንያት ደም በአሲድ ስለሚኮመጥጥበት ሁኔታ፣ ይህን መመሪያ የማዘጋጀው በዋናነት ለእነዚህ ባልደረቦቼ ነው። በመጀመሪያው የተረኝነት ሌሊት የሚገጥማቸውን ጥያቄ አውቀዋለሁና። ሕመምተኛዋ ከቀዶ ክፍል ከወጣች አራት ሰዓት ሆኗታል፣ የደም ጋዝ ምርመራው ወረቀት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲበዛ ይወርዳል) 7.18 ይላል፣ ነርሷም አምፑሉን በእጇ ይዛ «ዶክተር፣ ባይካርብ ላዘጋጅ?» ትላለች፤ አሲድን የሚያረክሰውን ሶዲየም ባይካርቦኔት ማለቷ ነው።

መልሱ የሚገኘው አሲዱ ከየት እንደመጣ ከታወቀ በኋላ ነው። አንዱ መድኃኒት ለአንዱ ምክንያት ተገቢ፣ ለሌላው ከንቱ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ጎጂ ስለሚሆን፣ መድኃኒቶችን በደፈናው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ማወዳደር ወደ ስሕተት ይመራል። እኔ ይህን የተማርኩት ባጠፋሁት ጥፋት ነው። ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ሚትራል ቫልቩ (በግራው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው) የተቀየረለት አንድ ወጣት ፒኤቹ ከ7.20 በታች ሲወርድ ሦስት አምፑል ባይካርቦኔት አዘዝኩለት፤ ቁጥሩ ወደ 7.30 ሲመለስም ደስ ብሎኝ ወደ ሌላው አልጋ አለፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ሽንቱ ቆሟል፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ከደረት ቱቦው ይወርድ የነበረው ደምም ድንገት ተቋርጧል፤ ልቡ በዙሪያው በተጠራቀመ ደም ታፍኖ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን ዳግም ከፍቶ ደሙን ካወጣ በኋላ ላክቴቱ (ሴሎች በቂ ደም ሲያጡ የሚጠራቀመው) ያለ ምንም ተጨማሪ መድኃኒት ወረደ። ወጣቱ ተርፏል፤ ያቺ አንድ ሰዓት ግን የባከነችው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስላማረልኝ ነው።

አሲዱን መለየት

በመጀመሪያ ፒኤችን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ግፊት፣ ባይካርቦኔትንና ላክቴትን አንድ ላይ ይመልከቱ፤ ከዚያም ሶዲየምንና ክሎራይድን ይጨምሩ። ሶዲየም ላይ የክሎራይድንና የባይካርቦኔትን ድምር ሲቀንሱ የሚቀረው አኒየን ጋፕ ይባላል፤ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሚሊሞል በሊትር ነው። በልብና ሳንባ መሣሪያ (በቀዶ ጊዜ የሁለቱን ሥራ በሚተካው) ላይ የቆየ ሰው ደሙ በፈሳሽ ስለሚቀጥን አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲኑ ይወርዳል፤ አልቡሚን ከ4 ግራም በዴሲ ሊትር በታች በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ 1 ግራም 2.5 በጋፑ ላይ ካልደመሩ፣ የተደበቀ አሲድ ያመልጥዎታል።

ጋፑ ሰፊ ከሆነ በመጀመሪያ ላክቴትን ይጠርጥሩ። ላክቴት የሚጨምርበት ዋናው ምክንያት ልብ በቂ ደም አለመርጨቱ ነው፤ የደም መፍሰስ፣ የልብ መታፈን፣ የቀኝ ልብ ድካም፣ የምት መዛባት ወይም የተዘጋ የልብ ደም ሥር ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን በቤታ 2 ተቀባዮች በኩል የስኳር መፍጨትን ስለሚያፋጥን፣ ሕመምተኛው እጅ እግሩ ሞቆ፣ ሽንቱ እየወረደ፣ የደም ግፊቱ ተስተካክሎ ሳለ ላክቴቱ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። እነዚህን ሁለቱን የሚለያያቸው የሕመምተኛው ገላ ነው፤ ጉልበቱን ይዳስሱ፣ ጣቱን ተጭነው ሲለቁት ደም እስኪመለስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ይቁጠሩ፣ የሽንት ከረጢቱን ይመልከቱ።

ሦስተኛው ምክንያት በእኛ አካባቢ ሊዘነጋ የማይገባው የታያሚን (የቫይታሚን ቢ1) እጥረት ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞቻችን ቀዶ ሕክምናውን እስኪያገኙ ድረስ ለዓመታት ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ) ሲወስዱ ይቆያሉ፤ ምግባቸውም በሕመሙ ምክንያት ቀንሶ ይሰነብታል። ፉሮሴማይድ ታያሚንን በሽንት ያስወጣል፤ ታያሚን ከሌለ ደግሞ ፒሩቬት ወደ ኃይል ማመንጫው ስለማይገባ ወደ ላክቴት ይለወጣል። ልቡ ደህና እየሠራ፣ አድሬናሊንም ሳይኖር የማይወርድ ላክቴት ካዩ፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ታያሚን በደም ሥር መስጠት ርካሽም አደጋው አነስተኛም የሆነ እርምጃ ነው። እኔ በግሌ ለረጅም ጊዜ ላሲክስ ለወሰደ ሕመምተኛ ባይካርቦኔትን ከማሰቤ በፊት ይህን አስባለሁ።

በስኳር ሕመምተኛ ላይ ሰፊ ጋፕ ካለ ኪቶንን (ሰውነት ስብን ሲያቃጥል የሚፈጠረውን አሲድ) ይመርምሩ። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች ይወስድ የነበረ ሰው መድኃኒቱን ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ካላቆመ፣ የደም ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ኪቶአሲዶሲስ ሊይዘው ይችላል፤ ሕክምናው ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ነው።

ጋፑ ጠባብ፣ ክሎራይዱ ግን ከፍ ያለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኖርማል ሳላይን የተባለው የጨው ፈሳሽ በሊትር 154 ሚሊሞል ሶዲየምና 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ይይዛል፤ የፕላዝማ ክሎራይድ ግን ከ100 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የልብና ሳንባ መሣሪያውን በሳላይን ሞልተው፣ በቀዶ ጊዜ ሳላይን ሰጥተው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ሳላይን የሚቀጥሉለት ሰው አሲዱን የሚያገኘው ከእኛው እጅ ነው። ይህ ዓይነቱ አሲዶሲስ በወረቀት ላይ ያስፈራል እንጂ፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ሳላይኑን ክሎራይዱ ባነሰው በሪንገር ላክቴት በመቀየርና በመጠበቅ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

በዚህ ላይ የቦታ ከፍታን ጉዳይ ላንሣ፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ብዙም አያነሡትም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባም ከዚያ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው ኦክስጅን ለማካካስ ጠለቅ አድርጎ ስለሚተነፍስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ከ40 ዝቅ ይላል፤ ኩላሊቱም ይህን ለማመጣጠን ባይካርቦኔቱን በጥቂቱ ይቀንሳል። እንግዲህ ባይካርቦኔቱ 21 የሆነን የደባርቅ ሰው በባሕር ዳርቻ ሚዛን ለክቶ «ቀላል አሲዶሲስ አለበት» ማለት፣ ሕመም የሌለበትን እንደ ሕመምተኛ መቁጠር ነው። ከተቻለ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት የተወሰደውን የደም ጋዝ ውጤት ይፈልጉ፤ የሕመምተኛው ትክክለኛ መነሻ እሱ ነው።

ከመድኃኒት በፊት መተንፈሻ መሣሪያው

ሜታቦሊክ አሲዶሲስ የያዘው ሰው በራሱ ቢተነፍስ ኖሮ በጥልቀት ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወርድ ነበር። በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ግን እኛ የሞላንለትን ብቻ ነው የሚያገኘው። የሚጠበቀውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ለማወቅ ባይካርቦኔቱን በ1.5 አባዝተው 8 ይደምሩ፤ ውጤቱ በ2 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። የተለካው ግፊት ከዚህ በላይ ከሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት የመሣሪያውን አተነፋፈስ ማስተካከል ነው። ይህ ሚትራል ስቴኖሲስ (የሚትራል ቫልቭ መጥበብ) ለነበረባቸው ወጣቶቻችን የበለጠ አስፈላጊ ነው፤ በእነሱ ላይ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ፣ አሲድም ሆነ የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱን ጨምሮ የቀኙን ልብ ያደክመዋል።

ሶዲየም ባይካርቦኔት

በእኛ ዘንድ የተለመደው ይህ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። 8.4 በመቶ የሆነው በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞል ስለሚይዝ ስሌቱ ቀላል ነው። የጉድለቱን መጠን ለማወቅ በተለምዶ 0.3 በክብደቱና በቤዝ ጉድለቱ (በደም ጋዝ ወረቀት ላይ በሚገኘው፣ አሲዱን ለማመጣጠን በጎደለው መጠን) ይባዛል፤ ከዚያም ግማሹ ብቻ ይሰጥና ዳግም ይለካል። ግማሽ የሚሰጠው በምክንያት ነው። ላክቴቱ በኋላ በጉበት ሲቃጠል ራሱ ባይካርቦኔት ስለሚሆን፣ ሙሉውን የሰጠ ሰው በማግሥቱ አልካሎሲስ (የአሲዶሲስ ተቃራኒ) ያለበት ሕመምተኛ ይረከባል፤ አልካሎሲስ ደግሞ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ ሕመምተኛውን ከመተንፈሻ መሣሪያ ማላቀቅንም ያዘገያል።

ባይካርቦኔት አሲዱን ሲይዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። 50 ሚሊሞል ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ከ1 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ያረፈ ጎልማሳ በአምስት ደቂቃ ያህል ከሚያመነጨው ጋር ይቀራረባል። ሳንባው ካላስወጣው ጋዙ ከባይካርቦኔት ፈጥኖ ወደ ሴል ውስጥ ይገባና የልብን ጡንቻ ከውስጥ ያኮመጥጠዋል፤ የደም ወረቀቱ ግን የተሻሻለ ያስመስላል። የተሰጠው መድኃኒት የነጻ ካልሲየምን መጠንም ይቀንሳል፤ ገና ከልብና ሳንባ መሣሪያ የወረደ ልብ የሚኮማተረው በካልሲየም ስለሆነ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። በተጨማሪም 8.4 በመቶው ከፕላዝማ ሰባት እጥፍ ገደማ የጠነከረ ስለሆነ ሶዲየምን ይጨምራል፣ ቀጭን የደም ሥርንም ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ ስል ባይካርቦኔት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ፒኤቹ 7.20 ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት የሚችል ሕመምተኛ ላይ እኔ አመነታለሁ አልልም፤ እሰጣለሁ። ፖታሲየሙ በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ያለ ሰውም እንዲሁ። ዳያሊሲስ እስኪዘጋጅ ጊዜ ለመግዛትም ይጠቅማል፤ ዳያሊሲስ ራሱ በኩላሊት ጉዳት ለሚመጣ አሲድ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የሚሻል ሕክምና መሆኑ ሳይዘነጋ።

ትሮሜታሚን

ታም እየተባለ የሚጠራው ይህ መድኃኒት በንጽጽር ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፤ በአሜሪካ የተፈቀደበት አንዱ ምክንያት በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚመጣው አሲዶሲስ ስለሆነም ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። በብዙ አገር እንደ ባይካርቦኔት በቀላሉ አይገኝም፤ ሆኖም ሥራውን ማወቅ የባይካርቦኔትን ድክመት በግልጽ ያሳያል። ትሮሜታሚን አሲዱን ሲያስር ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈጥርም፣ እንዲያውም ይቀንሰዋል፤ ሶዲየምም አይጨምርም፤ ከፊሉ ወደ ሴል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ላለና ሶዲየሙ 150 ለደረሰ ሕመምተኛ በሐሳብ ደረጃ የተሻለ ነው።

በሌላ በኩል የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ለማይወርደው ሰው አይሰጥም። የደም ስኳርን ሊያወርድ፣ ፖታሲየምን ሊጨምር፣ በራሱ የሚተነፍስን ሰው አተነፋፈስ ሊያዳክም ይችላል፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ቆዳን ያበሰብሳል። የ0.3 ሞላር መፍትሔው መጠን የሚሰላው ክብደትን በቤዝ ጉድለቱና በ1.1 በማባዛት ነው፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ይወጣል። ይህን ስሌት ከታች በምሳሌ እመለስበታለሁ፤ ብዙ የንጽጽር ጽሑፎች የማያነሡት የፈሳሽ ጭነት እዚያ ላይ ይታያል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ዳይክሎሮአሴቴት ላክቴትን በእርግጥ ያወርዳል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በ252 ሕመምተኞች ላይ የታተመው ጥናት በሕይወት መትረፍን እንደማይጨምር አሳይቷል። ሶዲየም ካርቦኔትንና ባይካርቦኔትን ያቀላቀለው ካርቢካርብ ለተለመደ ሕክምና አልዋለም።

ጥናቶቹን ማንበብ

አንድ የንጽጽር ጽሑፍ ሲያነብቡ መጀመሪያ «ከምን ጋር ተነጻጸረ?» ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ላክቲክ አሲዶሲስ ለነበረባቸው 14 ሕመምተኞች ባይካርቦኔትንና ተመጣጣኝ የሶዲየም ክሎራይድ መፍትሔን በየተራ ሰጠ። ባይካርቦኔቱ ፒኤችን ጨመረ፤ ልብ የሚረጨው ደም ግን በሁለቱም እኩል ነበር የተሻሻለው፤ ነጻ ካልሲየም ደግሞ በባይካርቦኔቱ ወረደ። ሁለተኛው መፍትሔ ባይኖር ኖሮ አንባቢው «ባይካርቦኔት ልብን አጠነከረ» ብሎ ይደመድም ነበር፤ ያጠነከረው ግን ፈሳሹና ጨው ነበር። ዐሥራ አራት ሰው ትንሽ ነው፤ የአሠራሩ ጥራት ግን ከብዙ ትልልቅ ጽሑፎች የበለጠ አስተምሮኛል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «ምን ተለካ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባይካርቦኔትንና ትሮሜታሚንን በ18 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕመምተኞች ላይ ያወዳደረ ጥናት ሁለቱም አሲዱን በተመሳሳይ ደረጃ እንዳስተካከሉ፣ የባይካርቦኔቱ ውጤት ግን ረዘም ላለ ጊዜ እንደቆየ አሳይቷል። ጥሩ መረጃ ነው፤ ሆኖም አሲዶሲሱ ቀላል ነበር፣ የተለካውም የደም ቁጥር ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «የትኛው ሕይወት ያተርፋል?» ለሚለው መልስ መስጠት አይቻልም።

ሞትንና የአካል ክፍሎችን መድከም ከለኩ ትልልቅ ጥናቶች አንዱ፣ በፈረንሳይ 26 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ በ389 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ነው። ፒኤቻቸው 7.20 ወይም ከዚያ በታች ለሆኑ ሰዎች 4.2 በመቶ ባይካርቦኔት ከ7.30 በላይ ለማድረስ ተሰጠ። እስከ 28ኛው ቀን መሞት ወይም በ7ኛው ቀን የአካል ክፍል መድከም፣ ባይካርቦኔት ባላገኙት 71 በመቶ፣ ባገኙት 66 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። መካከለኛና ከባድ የኩላሊት ጉዳት በነበረባቸው ዘንድ ግን እስከ 28ኛው ቀን የሞቱት ባይካርቦኔት ካላገኙት 63 በመቶ፣ ካገኙት 46 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ዳያሊሲስ ያስፈለጋቸውም በአጠቃላይ ከ52 ወደ 35 በመቶ ቀነሱ። የኩላሊት ጉዳት ባለባቸው ላይ ብቻ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ተከታይ ጥናት ዳያሊሲስ መቀነሱን ደገመው፤ የሞት ልዩነቱን ግን አላገኘውም። ዳያሊሲስ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ለምንሠራ ሰዎች፣ ዳያሊሲስን መቀነሱ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም እነዚህ ጥናቶች ውስጥ የገቡት በብዛት ሴፕሲስ (ከባድ ኢንፌክሽን የሚያመጣው የሰውነት መታወክ) የነበረባቸው እንጂ ቫልቭ የተቀየረላቸው ወጣቶች አይደሉም። በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የተደረገው ባይካርቦኔትን ኩላሊት እንዳይጎዳ አስቀድሞ የመስጠት ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በ100 ሰዎች ላይ የተሠራው አነስተኛ ጥናት ተስፋ ሰጠ፣ በ2013 የታተመውና 350 ሰዎችን የያዘው ግን ተስፋውን ገለበጠው። የኩላሊት ጉዳት ባይካርቦኔት ባገኙት 47.7 በመቶ፣ ባላገኙት 36.4 በመቶ ሆኖ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። እዚህ ላይ የተፈተነው መከላከል እንጂ ማከም ስላልሆነ፣ ከባድ አሲዶሲስ ያለበትን ሰው ለመንፈግ እንደ ማስረጃ አይቀርብም፤ ለሁሉም በደፈናው መስጠትን ግን ይከለክላል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ከልብ ቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ሲሞቅ፣ ደም ሥሮቹ ሲከፈቱና ልቡ ሲያገግም አሲዱ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የተሰጠ ማንኛውም ነገር የሠራ ይመስላል። «እኛ ክፍል ሰጥተነው ተሻለው» የሚለው ምስክርነት፣ ያልተሰጠው ሰው በዚያው ሰዓት እንዴት እንደነበረ ካልታወቀ ምንም አያረጋግጥም።

በምሳሌ

50 ኪሎ የምትመዝን፣ ሚትራል ቫልቭ የተቀየረላት ሴት እንውሰድ። ፒኤች 7.18፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 36፣ ባይካርቦኔት 13፣ የቤዝ ጉድለት 14፣ ላክቴት 3፣ ሶዲየም 141፣ ክሎራይድ 116 ነው። ጋፑ 12 ይሆናል፤ አልቡሚኗ 3 ስለሆነ 2.5 ሲደመር 14.5 ይደርሳል። ላክቴቷ በጥቂቱ ቢጨምርም የአሲዱ ዋና ምክንያት የክሎራይድ መብዛት ነው። የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27.5 ገደማ ሲሆን እሷ 36 ላይ ናት፤ መሣሪያው ያነሰ ነው የሚያስተነፍሳት። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ወደ 28 ቢወርድ ያለ አንድ ጠብታ መድኃኒት ፒኤቹ ወደ 7.25 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሳላይኑ በሪንገር ላክቴት ይቀየር፤ በየሰዓቱ ይለካ።

መድኃኒት ለመስጠት ብንገደድስ? የባይካርቦኔቱ ስሌት 0.3 በ50 በ14 ሲባዛ 210 ሚሊሞል ነው፤ ግማሹ 105 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የትሮሜታሚኑ ስሌት 50 በ14 በ1.1 ሲባዛ 770 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሹ 385 ሚሊ ሊትር ነው። ለደከመ ቀኝ ልብ ይህ የመጠን ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በአንጻሩ የባይካርቦኔቱ 105 ሚሊሞል ሶዲየም በትሮሜታሚኑ ውስጥ የለም። ንጽጽር የምለው ይህን ነው። አንዱ በፈሳሽ፣ ሌላው በጨውና በጋዝ ያስከፍላል፤ ሕመምተኛዋ የትኛውን መሸከም እንደምትችል መወሰን የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ፒኤቹን እዚያው 7.18 ላይ ይተዉትና ሌላውን ይቀይሩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 33፣ ባይካርቦኔት 12፣ ሶዲየም 140፣ ክሎራይድ 102፣ ላክቴት 11። ጋፑ 26 ነው። የደረት ቱቦው መፍሰስ አቁሟል፣ የማዕከላዊ ደም ሥር ግፊቱ እየጨመረ ነው፣ የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። እዚህ የመድኃኒት ንጽጽር ይቁም፤ ቀዶ ሐኪሙ ይጠራ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይደረግ፣ የቀዶ ክፍሉ ይዘጋጅ። ባይካርቦኔት ቢሰጥም እስከ ቀዶ ክፍል በር ለመድረስ ብቻ ነው።

አሰጣጡና ክትትሉ

ባይካርቦኔት ሲሰጡ ከተቻለ በማዕከላዊ የደም ሥር መስመር፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀስ ብሎ ይግባ፤ 8.4 በመቶውን በእኩል መጠን 5 በመቶ ዴክስትሮስ አቅጥነው 4.2 በመቶ ማድረግ ይችላሉ። ካልሲየም በሚያልፍበት መስመር ፈጽሞ አይለፍ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በሚያልፉበት መስመርም እንዲሁ፤ የመድኃኒቶቹን ኃይል ያረክሳል። ከመስጠትዎ በፊት ነጻ ካልሲየምንና ፖታሲየምን ይወቁ፤ ዝቅ ካሉ መጀመሪያ እነሱን ይሙሉ፤ የመሣሪያውንም አተነፋፈስ ከፍ ያድርጉ።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ዳግም ይለኩ፤ ሲመዘግቡም ፒኤችን ብቻ አይጻፉ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ የላክቴቱን፣ የካልሲየሙን፣ የፖታሲየሙን፣ የሶዲየሙን፣ የስኳሩን፣ የሽንቱን መጠንና የአድሬናሊኑን ፍጥነት በአንድ ገጽ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ያስፍሩ። በስድስት ወር ውስጥ እንደዚህ የተሞሉ ገጾች ያሉት ክፍል ስለ ራሱ ሕመምተኞች መናገር ይችላል፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱት ሰዎች ገጾችም በዚያው ጥራት የተሞሉ እንደሆነ።

የደም ጋዝ መመርመሪያው ካርትሪጅ ያለቀበት ሌሊትም ይመጣል። ያን ጊዜ ከላቦራቶሪ የሚገኘው የሶዲየምና የክሎራይድ ውጤት፣ የጣት ደም አመላለስ፣ የጉልበት ሙቀትና የሽንት መጠን ይቀራሉ። ጣቱን ተጭነው ሲለቁ ከ3 ሴኮንድ በላይ የሚፈጅ፣ ጉልበቱ የተዥጎረጎረ፣ ሽንቱ የነጠፈ ሰው በቂ ደም እያገኘ አይደለም ብለው ይነሡ፤ ፒኤች ሳያውቁ አምፑል በአምፑል ላይ መደራረብ ግን ሳያዩ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

ከአልጋው ውጭ የሚጠብቀው ቤተሰብም ጥያቄ አለው። ከሩቅ ወረዳ የመጡ አንድ አባት «ልጄ ደሟ ኮመጠጠ አሉኝ፤ መድኃኒት የለውም ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። «አባባ፣ መድኃኒቱስ አለ፤ ያኮመጠጠውን ምክንያት ግን እየፈለግን ነው፤ እሱን ካገኘን ደሟ ራሱ ይመለሳል» አልኳቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው «እንግዲህ ፈልጉት፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ወደ አልጋዋ ተመልሼ የሦስተኛውን ሰዓት ናሙና ወሰድኩ፤ ላክቴቷ ከ6 ወደ 4 ወርዶ፣ አድሬናሊኗም በግማሽ ተቀንሶ ነበር። ባይካርቦኔቱ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ አደረ።